ከቦሌ እስከ ዋሽንግተን፦ ርቀቱ አንድ፣ ሰዓቱ ግን ሁለት

ስልካችሁ ላይ «ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በአውሮፕላን ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ወዲያው ይመጣል። ርቀቱ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ጊዜው 13 ሰዓት ከምናምን። አሁን ደግሞ የቆረጣችሁትን ትኬት አውጡ። መሄጃው 17 ሰዓት አካባቢ ይላል እንበል፤ መመለሻው 13 ሰዓት እንኳ አይሞላም። ትኬቱ ላይ ያለውን የመነሻና የመድረሻ ሰዓት በራሳችሁ ብትቀንሱት ጭራሽ ሌላ ነገር ይወጣል። መሄጃው 9 ሰዓት፣ መመለሻው 21 ሰዓት ሊሞላ 15 ደቂቃ የቀረው።

ከእነዚህ ውስጥ ስህተት የለም። የሚለያየው እያንዳንዱ ቁጥር የሚመልሰው ጥያቄ ነው። አንዱ ነፋስ በሌለበት ባዶ ሰማይ ላይ ያለውን ስሌት ይናገራል። ሌላው አውሮፕላኑ በእርግጥ የሚወስደውን ጊዜ ይናገራል። ሦስተኛው የሁለት ከተሞች ሰዓት የተቀላቀለበት ነው። እናቱን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚያስመጣ ልጅ፣ ከሥራ አስፈቅዶ ኤርፖርት ለሚጠብቅ ወንድም፣ ከዋሽንግተን ወደ ሚኒያፖሊስ ወይም ሲያትል ለሚቀጥል መንገደኛ ይህን መለየት የገንዘብም የጭንቀትም ጉዳይ ነው። ስለዚህ ነገሩን ከሥሩ እንየው።

የግድግዳ ካርታ አትመኑ

11,560 ኪሎ ሜትር የሚለውን ቁጥር ማንም በሜትር ለክቶ አላመጣውም። የሁለቱ አየር ማረፊያዎች ቦታ በዲግሪ ይታወቃል። ቦሌ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 9 ዲግሪ፣ ከግሪኒች በስተ ምሥራቅ 39 ዲግሪ አካባቢ ነው። የዋሽንግተኑ ደለስ በስተ ሰሜን 39 ዲግሪ፣ በስተ ምዕራብ 77 ዲግሪ ተኩል ላይ ይገኛል። ምድር ክብ መሆኗን ይዞ በሁለቱ መካከል ያለውን አጭሩን መስመር ማግኘት የሁለተኛ ደረጃ ሒሳብ ነው። ርቀት የሚነግሩን ድረ ገጾች የሚያደርጉትም ይህንኑ ነው። አንዱ ገጽ 11,560፣ ሌላው 7,180፣ ሌላው ደግሞ 6,240 ቢላችሁ አትደንግጡ። የመጀመሪያው ኪሎ ሜትር፣ ሁለተኛው የአሜሪካ ማይል፣ ሦስተኛው አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል ነው። አንድ የባሕር ማይል 1,852 ሜትር ነው።

የሚያሳስተው የመስመሩ ቅርጽ ነው። የትምህርት ቤት ግድግዳ ላይ በተሰቀለ ካርታ ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን በማስመሪያ መስመር ብታሰምሩ በቻድ፣ በኒጀር፣ በማሊና በሞሪታኒያ አድርጎ ውቅያኖሱን ያቋርጣል። ክብ የሆነውን የምድር ሞዴል፣ ያን ሉል፣ አምጡና በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ወጥሩ። ክሩ በዚያ በኩል አይሄድም። ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይነሳና ከካርቱም ትንሽ ወደ ደቡብ ብሎ ሱዳንን ያቋርጣል። ሊቢያን፣ የቱኒዚያን ደቡብ ጫፍና አልጄሪያን ያልፋል። በስፔንና በፖርቱጋል ላይ አድርጎ አትላንቲክ ውስጥ ይገባል። ውቅያኖሱ መሐል ላይ 45ኛው ዲግሪ አካባቢ ይደርሳል። ልብ በሉ፣ መድረሻው ዋሽንግተን 39ኛው ዲግሪ ላይ ነው። ማለትም አጭሩ መንገድ ከመድረሻው በላይ ወደ ሰሜን ወጥቶ፣ በማሳቹሴትስ ጠረፍ አጠገብ አድርጎ ወደ ታች ይወርዳል።

ከወንበሩ ፊት ያለው ስክሪን ላይ አውሮፕላኑ ቀስት ሠርቶ ሲሄድ የሚያይ ሰው «ለምን እንዲህ ያዞሩናል?» ይላል። አላዞሩትም። ቀጥ ያለው መንገድ ያ ነው። ጠፍጣፋ ካርታ ክብ የሆነውን ነገር ለመዘርጋት ሲል ሰሜኑን ስለሚለጥጠው ነው ጎብጦ የሚታየው።

ለዚህ ከደብሊን የተሻለ ማስረጃ የለም። አየርላንድ በግድግዳ ካርታ ላይ ስትታይ ከመንገዱ እጅግ የራቀች ትመስላለች። ከቦሌ ደብሊን 6,360 ኪሎ ሜትር፣ ከደብሊን ደለስ 5,470 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲደመር 11,830 ይመጣል። ከቀጥታው መንገድ የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው። በአውሮፕላን ይህ 20 ደቂቃ አይሞላም። ደብሊን ኋላ ላይ ስለምትመጣ ያዟት።

ከኪሎ ሜትር ወደ ሰዓት

የዛሬዎቹ ትልልቅ አውሮፕላኖች፣ ቦይንግ 787 ድሪምላይነሩም ኤርባስ ኤ350ም፣ ከፍታቸውን ይዘው ሲበሩ ፍጥነታቸው በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። 11,560ን ለ900 ብናካፍል 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ይመጣል። ለመነሳትና ለማረፍ፣ ማለትም ፍጥነቱ ዝቅ ለሚልበት ጊዜ፣ ግማሽ ሰዓት ጨምሩ። 13 ሰዓት ከ20 ደቂቃ። ስልካችሁ የነገራችሁ ቁጥር የሚገኘው በዚሁ መንገድ ነው፤ ከዚያ ያለፈ ምሥጢር የለውም።

አየር መንገዱ ትኬት ላይ የሚጽፈው ግን ሌላ ነው። እሱ የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከቆመበት ጌት ከተነቃነቀበት ደቂቃ ጀምሮ መድረሻው ጌት ላይ እስከሚቆምበት ነው። መሬት ላይ መንከባለሉ፣ የመነሻ ተራ መጠበቁ፣ ካረፈ በኋላ ወደ ተርሚናሉ መሄዱ ሁሉ ይገባበታል። ትልልቅ ኤርፖርቶች ላይ ይህ ብቻውን ከግማሽ ሰዓት ሊበልጥ ይችላል። አየር መንገዶች ለመዘግየትም ትንሽ መጠባበቂያ ደቂቃ ይጨምራሉ። «ቀድመን ደረስን» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይህ መጠባበቂያ ሳይነካ ሲቀር ነው።

ቀጥሎ የሚመጣው ነፋሱ ነው። መሄጃውና መመለሻው የሚለያዩበት አንደኛው ምክንያት እሱ ነው።

ብዙ ሰው «ምድር ወደ ምሥራቅ ስለምትዞር ወደ ምዕራብ ስንሄድ ይረዝማል» ብሎ ያስረዳል። እንዲያውም አንዳንዱ በተቃራኒው፣ ዋሽንግተን ወደ እኛ ስለምትመጣ መፍጠን አለበት ይላል። ሁለቱም አይሆኑም። ምድር ስትዞር አየሩም አብሯት ይዞራል፣ አውሮፕላኑም ከመነሳቱ በፊት ጀምሮ አብሮ እየዞረ ነው። በሚሄድ አውቶብስ ውስጥ ያለች ዝንብ ከኋላ ወንበር ወደ ሹፌሩም ሆነ ከሹፌሩ ወደ ኋላ ለመብረር እኩል ነው የምትለፋው። አውቶብሱ ቢፈጥን ባይፈጥን ለእሷ ለውጥ የለውም።

ለውጥ የሚያመጣው ከምድር ጋር እኩል የማይሄደው አየር ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ አውሮፕላኖች በሚበሩበት ቦታ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጠባብና ኃይለኛ የነፋስ መስመር አለ። ጄት ስትሪም ይባላል። ከሰሜን የሚመጣው ቀዝቃዛ አየርና ከሐሩሩ የሚመጣው ሞቃት አየር በሚገናኙበት ቦታ ይፈጠራል። ወደ ምሥራቅ የሚያጎብጠው የምድር መዞር ነው። ስለዚህ የምድር መዞር እጁ አለበት፣ ግን በነፋሱ በኩል ዞሮ ነው የሚመጣው። ፍጥነቱ በሰዓት 150፣ 200 ኪሎ ሜትር መሆኑ የተለመደ ነው። በፈረንጆቹ ክረምት ከ300 የሚያልፍበት ቀን አለ።

ነፋሱን በቅድሚያ ካጠኑት ሰዎች አንዱ ዋሳቡሮ ኦይሺ የተባለ ጃፓናዊ የአየር ጠባይ ተመራማሪ ነው። በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፊኛ ወደ ሰማይ እየለቀቀ አካሄዱን በመሣሪያ ይከታተል ነበር። ያገኘውን ውጤት ዓለም እንዲያነብለት ብሎ ኤስፔራንቶ በሚባለው ሰው ሠራሽ ቋንቋ አሳተመው። ቋንቋውን የሚያነብ ጥቂት ስለነበር ሥራው ብዙም ሳይታወቅ ቆየ። የአሜሪካ ቦምብ ጣይ አውሮፕላን አብራሪዎች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ጃፓን ሰማይ ላይ ከዚያ ነፋስ ጋር ሲጋፈጡ ነገሩ ዱብ ዕዳ ነበር የሆነባቸው። ይህ ታሪክ ሁልጊዜ ያሳዝነኛል። የሰውየው ልፋት ቶሎ ቢነበብ ኖሮ ስንቱን ባዳነ።

ነፋሱ ምን ያህል እንደሚያግዝ ለማየት አንድ ቀን በቂ ነው። በየካቲት ወር 2020 (እ.ኤ.አ.) ከኒውዮርክ ለንደን የበረረ የብሪትሽ ኤርዌይስ ቦይንግ 747 ከማዕበል ጋር የመጣ ነፋስ ከኋላው አግኝቶ በ4 ሰዓት ከ56 ደቂቃ ደረሰ። ያ በረራ በሌላ ቀን ከስድስት ሰዓት በላይ ይወስዳል።

ወደ እኛ መንገድ እንመለስ። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ያለው መስመር በሙሉ ጄት ስትሪም ውስጥ አይደለም፤ የአፍሪካው ክፍል ብዙው ጸጥ ያለ ነው። በአማካይ ግን በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ነፋስ አለ ብለን እናስላ። ሲሄድ ከፊት ስለሚገፋው ፍጥነቱ 840 ይሆናል፣ መንገዱም 13 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይፈጃል። ሲመለስ ከኋላ ስለሚገፋው 960 ይሆናል፣ በ12 ሰዓት ይገባል። ያው አንድ መንገድ፣ ያው አንድ አውሮፕላን፣ የአንድ ሰዓት ከ45 ደቂቃ ልዩነት።

ነፋሱ ቀን በቀን ቦታ ስለሚቀይር ሰሜን አትላንቲክ ላይ አውሮፕላኖች የሚከተሏቸው መስመሮች ራሳቸው በየቀኑ እንደገና ይሠመራሉ። ይህን የሚያደርጉት በስኮትላንድና በካናዳ ያሉ ሁለት የበረራ መቆጣጠሪያ ማዕከላት ናቸው። ወደ ምዕራብ የሚሄደው ነፋሱን ሸሽቶ፣ ወደ ምሥራቅ የሚመለሰው ነፋሱን ተከትሎ እንዲሄድ ነው። ትናንት ወንድማችሁ በሄደበት መስመር ዛሬ እናንተ ላትሄዱ ትችላላችሁ።

የቦሌ ከፍታ

ነፋሱ ሁለት ሰዓት ያህል ያስረዳል። በመሄጃና በመመለሻ መካከል ያለው ልዩነት ግን አራት ሰዓት ነው። የቀረው ከየት መጣ? ከመሬቱ።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ደለስ 95 ሜትር ላይ። በቦሌ ከፍታ ያለው የአየር ግፊት ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ሦስት አራተኛውን ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሳሳ ያለ ነው። ከዝቅተኛ ቦታ የመጣ እንግዳ አዲስ አበባ ላይ ደረጃ ሲወጣ የሚያለከልከው በዚሁ ምክንያት ነው። አውሮፕላንም እንደዚያው ነው፣ ያውም በሁለት በኩል። ክንፉን የሚያነሳው አየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ የሚያነሳውም ኃይል ይቀንሳል። ሞተሩም ነዳጁን የሚያቃጥለውና የሚገፋው አየር ስለሚያንሰው ጉልበቱ ይቀንሳል።

ክንፉ ያንን ለማካካስ መፍጠን አለበት። ባሕር ዳርቻ ላይ በሰዓት 280 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ከመሬት የሚነሳ አውሮፕላን፣ በዚያው ክብደት ቦሌ ላይ ለመነሳት ወደ 320 መጠጋት ይኖርበታል። የተዳከመ ሞተር ይዞ የበለጠ መፍጠን ማለት ረጅም መንደርደሪያ መፈለግ ማለት ነው። የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3.8 ኪሎ ሜትር ነው፣ ከደለሶቹ የሚያንስ አይደለም። ግን እሱም መጨረሻ አለው። ጎማውም የተሠራለት የፍጥነት ጣሪያ አለው። ከዚያ ላይ፣ ከተነሳ በኋላ አንድ ሞተር ቢጠፋበት እንኳ በሌላው ከፍታ መጨመር መቻል አለበት። ይህ ሁሉ ተሰልቶ ለዚያን ሰዓት፣ ለዚያን ሙቀት፣ ለዚያን ነፋስ የሚፈቀደው ትልቁ ክብደት ይወጣል።

እንግዲህ ከክብደቱ ምን ይቀነስ? አውሮፕላኑን መቀነስ አይቻልም። የሚቀረው ሦስት ነገር ነው፤ ሰው፣ ጭነትና ነዳጅ። ድሪምላይነር 787-8 ሙሉ ሲጫን 228 ቶን ያህል ይመዝናል። ታንኩ ሲሞላ 100 ቶን የሚጠጋው ነዳጅ ነው። ለረጅም በረራ ከባዱ ነገር ነዳጁ ራሱ ነው። ወንበሩን ሁሉ በሰው፣ ሆዱን በሻንጣና በጭነት ሞልቶ ለ14 ሰዓት የሚሆን ነዳጅ ከቦሌ ይዞ መነሳት ከባድ ነው። የፊት ነፋሱም ሲታከል ነዳጁ የበለጠ መሆን አለበት። በዚያ ላይ መድረሻው ቢዘጋ ሌላ ኤርፖርት የሚያደርስና ቢያንስ 30 ደቂቃ የሚያንዣብብበት መጠባበቂያ በሕግ ግዴታ ነው።

መፍትሔው «ያዟት» ያልናችሁ ደብሊን ናት። ከቦሌ ግማሽ መንገድ የሚሆን ነዳጅ ይዞ መነሳት፣ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ አርፎ መሙላት፣ መቀጠል። በተለያዩ ዓመታት ሮምና ደብሊን ለዚህ አገልግለዋል። ሁለቱም ከባሕር ጠለል ብዙም ከፍ ያላሉ ናቸው፣ ሁለቱም ለመንገዱ ቅርብ ናቸው። መውረዱ፣ ነዳጅ መሙላቱ፣ እንደገና መነሳቱ ተደማምሮ ሁለት ሰዓት ገደማ ይበላል። ሲመለስ ግን ደለስ ዝቅተኛ ነው፣ አየሩ ወፍራም ነው፣ ነፋሱ ከኋላ ነው። ሙሉ ነዳጅ ይዞ ይነሳና ሳያርፍ ቦሌ ይገባል። አራቱ ሰዓት ይኸው ነው።

ርቀቱ ብቻውን እንደማያስቆም ለማወቅ ሲንጋፖርን ተመልከቱ። ከሲንጋፖር ኒውዮርክ 15,300 ኪሎ ሜትር ይሆናል፣ መሐል ላይ ሳያርፉ ከሚሄዱት መደበኛ በረራዎች በዓለም ረጅሙ ነው። ለዚሁ የተዘጋጀ ኤ350 መሆኑ አንድ ነገር ነው። ሁለቱ ኤርፖርቶች ግን ከባሕሩ ጥቂት ሜትር ከፍ ያሉ ናቸው። በተቃራኒው ሜክሲኮ ሲቲ 2,230 ሜትር ላይ ናት፣ ከእኛ ብዙም አትለይም። የቱርክ አየር መንገድ ከኢስታንቡል ሜክሲኮ ሲቲ ሳያርፍ ይገባል። ሲመለስ ግን ባሕር ዳር ወዳለችው ካንኩን ወርዶ ከዚያ ነው ውቅያኖሱን የሚሻገረው። ይህ የእኛ አገር ችግር ብቻ አይደለም፣ ደጋ ላይ የተሠራ ኤርፖርት ሁሉ ያለበት ዕዳ ነው።

ሌሊት መነሳት ይረዳል፣ ምክንያቱም የቀዘቀዘ አየር ወፍራም ነው። አዲሶቹ ሞተሮችም ከድሮዎቹ ይሻላሉ። ከሁሉ በላይ ግን ቢሾፍቱ አቅራቢያ አቡሴራ ላይ የሚሠራው አዲሱ ኤርፖርት ተስፋ ይሰጣል። ቢሾፍቱ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ገደማ ናት። 400 ሜትር ዝቅ ማለት ለሰው ምንም ባይመስልም ለአውሮፕላን ብዙ ነዳጅ ወይም ብዙ ሰው ነው። ስለዚያ ኤርፖርት ሲወራ ስፋቱና ውበቱ ብቻ ይወራል። እኔ ከሁሉ በላይ የምጓጓው ለዝቅታው ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ለትኬት ቆራጮች። «ቀጥታ በረራ» የሚባለው ሁልጊዜ «ሳያርፍ የሚሄድ» ማለት አይደለም። የበረራ ቁጥሩ ካልተቀየረ መሐል ላይ ቢያርፍም ቀጥታ ተብሎ ይሸጣል። ትኬቱ ላይ ማረፊያ ካለ ይጻፋል፣ ፈልጉት። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚሄዱ እናትና አባት ካሏችሁ ይህን አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ነዳጅ ለመሙላት ሲያርፍ መንገደኛው ብዙውን ጊዜ ወንበሩ ላይ ነው የሚቆየው። ጎማው መሬት ሲነካ «ደረስን» ብለው ነጠላቸውን አስተካክለው፣ ዘንቢላቸውን አንጠልጥለው የሚቆሙ እናቶች አሉ። «እማዬ፣ መጀመሪያ ሲያርፍ እንዳትነሺ፣ ሁለተኛው ነው አሜሪካ» የምትል አንዲት ዐረፍተ ነገር ከብዙ ድንጋጤ ታድናቸዋለች።

የተዘጋ ሰማይ

አጭሩ መስመር በሱዳንና በሊቢያ ላይ ያልፋል ብለናል። ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ውጊያ ሲጀመር የሱዳን ሰማይ ተዘጋ። የሊቢያንም ብዙ አየር መንገዶች ለዓመታት ሲሸሹት ኖረዋል። እንዲህ ሰማይ ሲዘጋ ወደ ሰሜን ምዕራብ የሚበር አውሮፕላን ክሩን ተከትሎ መሄድ አይችልም፣ ወደ ምሥራቅ ጠጋ ብሎ ይዞራል። መንገዱ በተዘዋወረ በ100 ኪሎ ሜትር 7 ደቂቃ ያህል ይጨምራል። የኪሎ ሜትር ስሌት የሚሠሩት ድረ ገጾች ስለ ጦርነት አያውቁም፣ ቁጥራቸው ሰላም በነበረበት ጊዜ የነበረው ነው።

የትኬቱ ሰዓት

ወደ 9 ሰዓቱና ወደ 21 ሰዓቱ እንምጣ። ትኬት ላይ የሚጻፈው መነሻ ሰዓት የመነሻው ከተማ ሰዓት ነው። የመድረሻው ደግሞ የመድረሻው ከተማ። አዲስ አበባ ከዋሽንግተን በፈረንጆች ክረምት 8 ሰዓት፣ በበጋቸው 7 ሰዓት ትቀድማለች።

ምሳሌ እንውሰድ። ጥር ላይ ነው። ከቦሌ በፈረንጅ ሰዓት 22:30 ተነስቶ ደለስ በማግስቱ 07:30 ይገባል ይላል ትኬቱ። ስትቀንሱት 9 ሰዓት ነው። ነገር ግን ከቦሌ ሲነሳ ዋሽንግተን ላይ ገና 14:30 ነው፣ ከቀትር በኋላ። ከ14:30 እስከ ማግስቱ 07:30 ቁጠሩ። 17 ሰዓት ነው። መመለሻው ደግሞ ከደለስ 11:00 ተነስቶ በማግስቱ ቦሌ 07:45 ይገባል። ስትቀንሱት 20 ሰዓት ከ45። ከደለስ ሲነሳ አዲስ አበባ 19:00 ስለሆነ እውነተኛው 12 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ነው።

ደስ የሚል ነገር አለው። የሁለቱን የተሳሳተ የሚመስል ቁጥር ደምሩ፣ 9 እና 20 ከ45፣ 29 ሰዓት ከ45 ይመጣል። የሁለቱን እውነተኛ ቁጥር ደምሩ፣ 17 እና 12 ከ45፣ እሱም 29 ከ45 ነው። ሲሄዱ የተበደሩትን ሰዓት ሲመለሱ ይከፍሉታል። የሰዓት ልዩነቱን የማታውቁት ከተማ ቢያጋጥማችሁ እንኳ የደርሶ መልሱን ጠቅላላ የበረራ ጊዜ በዚህ መንገድ ማግኘት ትችላላችሁ።

ለእኛ ግን ሌላ ወጥመድ አለ። ትኬቱ በፈረንጅ ሰዓት ነው። ከፈረንጁ ሰዓት 6 ቀንሱ፣ ከ12 ከበለጠ ደግሞ 12 ቀንሱ። 22:30 ሲቀነስ 16:30፣ ከዚያ 4:30፣ ማለትም ከምሽቱ አራት ሰዓት ተኩል። ይህን ብዙ ሰው ያውቀዋል። የሚያስቸግረው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው ነው። ትኬቱ «ቅዳሜ 01:15» ቢል፣ በእኛ አነጋገር ያ ሰዓት ዓርብ ለቅዳሜ አጥቢያ ከሌሊቱ 7:15 ነው። ለፈረንጁ ቀኑ እኩለ ሌሊት ላይ ተቀይሯል፣ ለእኛ ግን ገና አልነጋም። «ቅዳሜ ነው በረራዬ» ብሎ ዓርብ ማታ ቤቱ የተኛ ሰው፣ ቅዳሜ ማታ ቦሌ ሲደርስ አውሮፕላኑ ከሄደ ቀን ሊሞላው ነው። ትኬቱ ላይ ከ00:00 እስከ 05:59 ያለ ሰዓት ካያችሁ ጣታችሁን እዚያ ላይ አድርጉና «የሚኬደው በዋዜማው ማታ ነው» ብላችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩ። ለሽማግሌ የምትቆርጡ ከሆነ በወረቀት ላይ በሀበሻ ቀንና ሰዓት ጻፉላቸው፣ ከቤት የሚወጡበትንም ሰዓት ጨምራችሁ።

ደለስ ላይ መድረስም መጨረሻ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ሌላ በረራ ያለው ሰው ኢሚግሬሽን የሚያልፈው መጀመሪያ ባረፈበት ኤርፖርት ነው። ሻንጣውንም እዚያው ተቀብሎ በጉምሩክ ካሳለፈ በኋላ እንደገና ያስረክባል፣ ከዚያም ፍተሻ አለ። ሰልፉ ረጅም የሆነ ጠዋት ሁለት ሰዓት በቂ አይደለም። እኔ ከሦስት ሰዓት በታች ባይሆን እላለሁ፣ አውሮፕላኑ መሐል ላይ የሚያርፍ ከሆነ ደግሞ አራት። መሐል ላይ የተጨመረ እያንዳንዱ ማረፊያ የመዘግየት ዕድልም ነው።

ኤርፖርት የምትጠብቁትም አንድ ነገር ያዙ። አሜሪካ ሰዓቷን በፈረንጆቹ ማርች ወር ሁለተኛ እሑድ አንድ ሰዓት ወደፊት ትገፋለች፣ በኖቬምበር ወር መጀመሪያ እሑድ ትመልሳለች። ኢትዮጵያ አትቀይርም። ስለዚህ ከቦሌ በዚያው ሰዓት የሚነሳ በረራ፣ ከዚያ እሑድ በኋላ ደለስ የሚገባበት ሰዓት በአንድ ሰዓት ይንሸራተታል። በእነዚያ ሁለት ሳምንታት ውስጥ እንግዳ ካላችሁ ባለፈው ዓመት የደረሱበትን ሰዓት ሳይሆን የዚያን ቀን የበረራውን መድረሻ ሰዓት አይታችሁ ከቤት ውጡ።